ለሎጋ ሹፌር፦ የድሮ ስፖርት መኪና ወንበር አቀያየር

ሎጋ ሰው የድሮ ባለ ሁለት ወንበር ስፖርት መኪና ውስጥ ሲገባ ሦስት ቦታ ይጣበቃል። ራሱ ጣሪያውን ይነካል፣ ጭኑ መሪው ሥር ይሰነቀራል፣ ትከሻው ከበሩ ጋር ይጋፋል። ያኔ የብዙ ሰው እጅ የሚሄደው ወንበሩ ወደሚንሸራተትበት ሐዲድ ነው፤ ወንበሩን ወደኋላ ለመግፋት። ነገር ግን የኋላው ግድግዳ ቅርብ ስለሆነ ሐዲዱ ቢረዝም እንኳ መደገፊያው ቀድሞ ግድግዳውን ይመታል። ትርፍ ቦታ ያለው ከሹፌሩ መቀመጫ በታች ነው፤ ሞላው፣ ስፖንጁ፣ ሐዲዱና ሐዲዱን ከወለሉ ከፍ የሚያደርገው ማንሻ ተደራርበው በያዙት ከፍታ ውስጥ። ወንበር የሚቀየረው ከዚያ ላይ ለመቀነስ ነው። ይህ ሳይሰላ የተገዛ ወንበር፣ ምንም ቢያምር፣ ማያያዣ ብረት ሲጨመርበት ከድሮው ከፍ ብሎ ቁጭ ይላል።

ልክ መውሰድ

ልኩ የሚወሰደው ሹፌሩ በሚነዳበት ጫማ ተቀምጦ፣ የሸራው ጣሪያም ተዘግቶ ነው። ጣሪያው ተከፍቶ የተለካ ወንበር መጀመሪያ ዝናብ በጣለ ቀን ጉዱ ይወጣል፤ አናት የሚመታው ሸራው ሳይሆን ሸራውን የሚወጥረው ብረት ነው።

አሁን ባለው ወንበር ላይ ይቀመጡና ሽፋኑ ጠንካራ የሆነ መጽሐፍ ራስዎ ላይ ያስተኙ። ሌላ ሰው ከመጽሐፉ በላይኛው ገጽ እስከ ጣሪያው ብረት ይለካ፤ የመጽሐፉንም ውፍረት ይደምር። ከዚያ ሱሪዎ ላይ በዳሌዎ ትክክል ወረቀት ፕላስተር ይለጥፉና ከወለሉ እስከ ፕላስተሩ ያለውን ከፍታ ይጻፉ። ዋናው ቁጥር ይሄ ነው። የወንበርን ከፍታ ባዶውን መለካት ዋጋ የለውም፤ አንዱ ስፖንጅ ሰው ሲቀመጥበት 2 ሴንቲ ሜትር ይሰምጣል፣ ሌላው 6። የዳሌው ምልክት ግን አይዋሽም። ሌላ ወንበር ሊገዙ ሲሄዱ ያንኑ ሱሪ ለብሰው፣ ወንበሩን ጠፍጣፋ ወለል ላይ አስቀምጠው፣ ተቀምጠው ያስለኩ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ትክክለኛው ትርፍ ነው።

ቀጥሎ የድሮውን ወንበር ያውጡ። ወለሉ ላይ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ፣ በላዩ 5 ሴንቲ ሜትር ጠንካራ ስፖንጅ ያስቀምጡና ይቀመጡበት፤ ጀርባዎን የሚደግፍ ነገር ከኋላ ያስገቡ። ከዚህ ዝቅ ብሎ የሚቀመጥ ወንበር የለም ማለት ይቻላል። በዚህ ሁኔታ ራስዎ ከጣሪያው ቢያንስ 4 ሴንቲ ሜትር ካልራቀ ችግሩ በወንበር አይፈታም። ወለሉን ቆርጦ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ የቦዲ ሥራ ነው።

ስፋቱ የሚለካው አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ከበሩ ደፍ እስከ መሀል ጉብታው (ካምቢዮና ካርዳን የሚያልፉበት) ወለሉ ላይ፣ በመቀመጫ ከፍታ እና በትከሻ ከፍታ፣ ከፊትም ከኋላም ይለኩ። በብዙዎቹ መኪኖች ጉብታው ከፊት ይሰፋል፤ ስለዚህ ከኋላ ዘና ብሎ የሚገባ ወንበር ወደ ፊት ሲንሸራተት ይነክሳል። በሩንም ዘግተው ይለኩ። የበሩ እጀታና የመስታወት ማዞሪያው ወደ ውስጥ የሚገቡትን ያህል ቦታ ይወስዳሉ። የእጅ ፍሬኑ እስከ ላይ ሲሳብ እጅ ማለፊያ ይፈልጋል፤ ያንን 4 ሴንቲ ሜትር የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው።

በመጨረሻ አራቱን የወለል ቀዳዳዎች ይሳሉ፦ የጎን ርቀት፣ የፊትና ኋላ ርቀት፣ የሁለቱም ሰያፍ መስመር። ቀጥ ያለ ብረትና ውሃ ልክ ዘርግተው ከፊትና ከኋላ ቀዳዳዎች የትኛው በስንት ሚሊ ከፍ እንደሚል ይጻፉ።

ማጋደል ወይስ ዝቅ ማድረግ?

ራስ ጣሪያ ሲነካ መደገፊያውን ወደኋላ ማጋደል ቀላል ይመስላል። ሒሳቡ ግን ሌላ ይናገራል። ከመቀመጫ እስከ አናት 95 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው መደገፊያውን ከ10 ዲግሪ ወደ 20 ዲግሪ ቢያጋድል አናቱ የሚወርደው 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ትከሻው ግን ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ወደኋላ ይሄዳል። መሪው አልተከተለውም፤ እጁን ዘርግቶ መንዳት ይጀምራል፣ ከዚያ ትከሻውን ከመደገፊያው አላቆ ወደ ፊት ይጎብጣል፣ ያገኘው 4 ሴንቲም ጎብጦ በመቀመጡ ይጠፋል።

የተሻለው መንገድ ሙሉ ወንበሩን ዝቅ ማድረግና የኋላውን እግር ከፊቱ በትንሹ ማሳነስ ነው። የፊትና የኋላ ማሰሪያዎች በ30 ሴንቲ ሜትር ቢራራቁና ኋላው በ20 ሚሊ ሜትር ዝቅ ቢል፣ ወንበሩ በሙሉ 4 ዲግሪ ያህል ይዞራል። ዳሌው ይወርዳል፣ የመቀመጫው ጫፍ ጭኑን ከሥር ይደግፋል፣ ከመቀመጫው 60 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለው ትከሻም 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ወደኋላ ይሄዳል። ረጅም እግር ያለው ሰው በረጅም መንገድ የሚደክመው ጭኑ አየር ላይ ስለሚንጠለጠል ነው፤ ይህች ዘዴ ያንንም ታቃልላለች። ከልክ በላይ ግን አያድርጉት። የመቀመጫው የፊት ጫፍ ከፍ ባለ ቁጥር ጭን ወደ መሪው ይቀርባል።

ጭን ከመሪው ጋር ያለው ጠብ በወንበር ብቻ ላይፈታ ይችላል። 38 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን መሪ በ35 መለወጥ ከሥር 1.5 ሴንቲ ሜትር ይሰጣል። ትንሽ ይመስላል፤ ጭንዎ መሪውን እየዳሰሰ ፍሪሲዮን የረገጡ ሰው ግን ዋጋውን ያውቁታል።

የትኛው ወንበር?

ከመግዛት በፊት የራሱን ወንበር ይፈትሹ። የላላ ሞላና የተሰበረ ስፖንጅ ሰውን ያሰምጣል፤ ስለዚህ አንዳንዱ ወንበር ሲታደስ ከፍ ይልና ባለቤቱ ይደናገጣል። ሲታደስ ስፖንጁን ከሥር በኩል ማሳሳት ይቻላል፣ ከላይ ግን አይነካ፤ የላይኛው ቅርጽ ፎደራውን የሚወጥረው ነው። በዳሌ አጥንቶቹ ሥር ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይቅር። ከዚያ ካነሰ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚቀመጡት ብረቱ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ቢላዋ ወይም ረጅም ስለታም ቢላዋ ይጠቀሙ፤ በአንድ ጊዜ 1 ሴንቲ ሜትር እየላጡ፣ ወንበሩን እያሰሩ፣ እየተቀመጡ ይፈትኑ። የተቆረጠ ስፖንጅ አይመለስም። በኤምጂቢ (የታወቀ የድሮ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና) ላይ አንድ ቀላል ነገር አለ፦ በብዙዎቹ ሐዲዱ የሚያርፈው በእንጨት ጣውላ ላይ ነው። ጣውላውን ማውጣት ወንበሩን በነጻ ዝቅ ያደርጋል፤ ብቻ የሐዲዱ መክፈቻ ዘንግ ምንጣፉ ላይ እንዳይታሽ ምንጣፉን በሐዲዱ ልክ መቁረጥ ያስፈልጋል፣ ብሎኑም በዚያው ልክ ማጠር አለበት።

የድሮ ወንበር ትልቁ ጉድለት ከፍታው ላይ አይደለም፤ የራስ መደገፊያ ስለሌለው ነው። አሜሪካ ከጥር 1969 ጀምሮ በሚመረቱ አዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ የራስ መደገፊያ አስገዳጅ አድርጋለች፤ ከዚያ በፊት የተሠራ የስፖርት መኪና መደገፊያ ግን በሎጋ ሰው ትከሻ አጥንት ላይ ያበቃል። ከኋላ ሲገጩ አንገት የሚመለስበት ቦታ የለውም። አዲስ የሚገጠመው ወንበር መደገፊያ ቢያንስ እስከ ጆሮዎ የላይኛው ጫፍ መድረስ አለበት፣ ከራስዎ የኋላ ክፍል ጋር ያለውም ክፍተት የጠበበ ይሁን።

ከሌላ መኪና ከሚወሰዱት ውስጥ የመጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 (ከ1989 እስከ 1997) ወንበር በእንግሊዝ የድሮ ስፖርት መኪኖች ባለቤቶች ዘንድ የታወቀ ነው። ጠባብ ነው፣ የራስ መደገፊያው ከወንበሩ ጋር አንድ ነው፣ ይጋደላል፣ የጎን ኤርባግ የለውም። ሐዲዱ ላይ ያሉት እግሮች ግን የተጣጠፉት ለማዝዳው ወለል ነው። እነሱን እንዳሉ ትቶ ከሥር ሌላ ብረት መደርደር የተለመደው ስህተት ነው፤ ወንበሩ ያተረፈውን ሁሉ ብረቱ ይወስዳል። ይልቅ እግሮቹ ተነሥተው ሐዲዱ በቀጥታ በጠፍጣፋ ብረት ላይ ቢያርፍ ይሻላል።

በአዳዲስ መኪኖች ወንበር ጎን ላይ የኤርባግ ምልክት ካዩ ይተዉት። መደገፊያው ውስጥ ያለው ኤርባግ የሚፈነዳ ነገር ነው፤ ሽቦውን ነቅሎ መግጠም አያስተማምንም፣ በቤት ውስጥ መፍታትም የልጅ ጨዋታ አይደለም።

ሦስተኛው ምርጫ አንድ ወጥ የፋይበር ቅርፊት ነው። ስፖንጁ ስስ ስለሆነ ዝቅ በማለት የሚያሸንፈው የለም፤ ጎን ለጎን በብረት ክንፍ ከታሰረ ቅርፊቱ ወለሉን ሊነካ ምንም አይቀረውም። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ አይጋደልም፤ ስለዚህ ዘንበል ማለቱ ከመጀመሪያው ትክክል መሆን አለበት። ሁለተኛ የትከሻው ክንፍ ሰፊ ነው፤ ወለሉ ላይ የሚገባ ቅርፊት ላይኛው ላይ በሩን ሊከለክል ይችላል። በትከሻ ከፍታ የለኩት ስፋት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ወለሉ

ምንጣፉንና ከሥሩ ያለውን ጠቅላላ ያውጡ። ላሜራውን በወስፌ ወይም በሹል ካቻቢቴ አራቱ ማሰሪያዎች ዙሪያ ይውጉት። ቢሰምጥ ወይም ድምፁ ቢለወጥ ዝገት በልቶታል፤ አዲስ ላሜራ ሳይበየድ ወንበር አይታሰርበትም። የወለሉ ሥር የተበየዱት ዳዶዎች ብዙ ጊዜ ይዝጋሉ፤ ብሎኑን በኃይል ከማዞር በፊት ከላይም ከታችም ዘይት አጠጥተው ሌሊቱን ያሳድሩት። ዳዶው ከብየዳው ተነቅሎ ቤቱ ውስጥ ከዞረ ላሜራውን መክፈት ግድ ይሆናል።

የድሮ የእንግሊዝ መኪኖች ብሎን በኢንች ነው። 5/16 ዩኤንኤፍ (የኢንች ብሎን) እና ኤም8 (የሚሊ ሜትር ብሎን) በዓይን አይለዩም፤ ውፍረቱ 7.94 ሚሊ እና 8 ሚሊ ነው። ጥርሳቸው ግን አይገናኝም፤ አንዱ በኢንች 24 ጥርስ አለው፣ የሌላው የጥርስ ርቀት 1.25 ሚሊ ሜትር ነው። የተሳሳተው ብሎን ሁለት ዙር ይገባና ይጠነክራል። እዚያ ላይ ቁልፍ የጨመረ ሰው ዳዶውን ላጠው ማለት ነው። ብሎን በጣት ቢያንስ አራት ዙር ካልሄደ ያውጡት።

አዲስ ቀዳዳ መብሳት ካስፈለገ መጀመሪያ ከመኪናው ሥር ይመልከቱ። የፍሬን ቱቦ፣ የነዳጅ ቱቦ፣ የባትሪ ገመድ በወለሉ ሥር ያልፋሉ፤ በኤምጂቢ ባትሪው ራሱ ከወንበሮቹ ኋላ ነው። ባትሪውን ይንቀሉ፣ መኪናውን በካቫሌቶ ላይ ያሳርፉ (በክሪክ ብቻ አይገባም)፣ በ3 ሚሊ ትራፓኖ ከላይ ይብሱና ወርደው የወጣበትን ያረጋግጡ። ከዚያ ብቻ ያስፉት። የቀዳዳውን ዙሪያ በሞረድ ካለሰለሱ በኋላ የዝገት መከላከያ ቀለም ይቀቡ፤ ያልተቀባ ቀዳዳ ወለሉን ከዚያው ነጥብ ጀምሮ ያስበላዋል።

ባዶ ላሜራ ላይ ሮንዴላ ብቻ አድርጎ ማሰር አይቻልም። ግጭት ሲመጣ ብሎኑ ላሜራውን ቀዶ ይወጣል። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ለውድድር መኪኖች የሚጠይቀው እዚህም ጥሩ መለኪያ ነው፦ ለአንድ ወንበር ቢያንስ አራት ማሰሪያ፣ ብሎኑ ቢያንስ 8 ሚሊ ሜትር፣ ከወለሉ ሥር የሚደረገው ደጋፊ ብረት ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረትና በእያንዳንዱ ማሰሪያ 40 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት። 65 በ65 ሚሊ ሜትር የተቆረጠ ብረት ይህንን ያሟላል። ማዕዘኖቹን ያክቧቸው፤ ስለታም ማዕዘን ላሜራውን እንደ ቢላዋ ይቆርጠዋል። ብሎን ውስጡ ባዶ በሆነ ሳጥን መሰል ብረት ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ ውስጡ የብረት ቱቦ ይግባ፤ ያለዚያ ሲጠብቅ ሳጥኑ ይጨፈለቃል፣ ከሳምንት በኋላም ብሎኑ ይላላል።

ብሎኑ 8.8 ወይም ከዚያ በላይ ጥንካሬ የተጻፈበት ይሁን። አናቱ ላይ ምንም ቁጥር የሌለው ብሎን ለመደርደሪያ እንጂ ለወንበር አይሆንም። ከፍታ ማስተካከያ ካስፈለገ ከወጥ ብረት የተቆረጠ፣ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቁራጭ ያድርጉ። አምስት ስድስት ሮንዴላ መደርደር ብሎኑን ያጎብጠዋል።

ሐዲዱን ማሰር

ከወንበር መቀየር ሥራ አብዛኛው ብስጭት የሚመጣው እዚህ ነው። ሁለቱ ሐዲዶች ፍጹም ትይዩ ካልሆኑ ወንበሩ መሀል ላይ ይነክሳል። መጀመሪያ ሐዲዶቹን ወንበሩ ላይ ያስሩ፤ ከፊትና ከኋላ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ይለኩ፤ ልዩነቱ ከ1 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ሁለቱ ሰያፍ ልኮችም እኩል ይሁኑ፤ አለዚያ አንዱ ሐዲድ ከሌላው ቀድሞ ሄዷል፣ አንዱ ወገን ሲቆለፍ ሌላው አይቆለፍም።

ወንበሩን አስገብተው አራቱንም ብሎን በጣት ብቻ ያስይዙ። ወደ ፊት ገፍተው የኋላዎቹን በግማሽ ያጥብቁ፣ ወደኋላ ገፍተው የፊቶቹን። ከዚያ ወንበሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት አራት ጊዜ ያንሸራቱ። አንድ ቦታ ከያዘ ያላሉት፣ ወንበሩ ራሱ ቦታውን እንዲያገኝ ያንቀሳቅሱት፣ እንደገና ያጥብቁ። ነጻ ሲሆን ብቻ ከ20 እስከ 25 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ባለው ኃይል ያጥብቁ፤ ለ5/16ም ለኤም8ም ይሆናል። ከመጠን በላይ ማጥበቅ የቆየ ዳዶን ከብየዳው ይነቅላል።

መቆለፊያውን በጆሮ ይፈትኑ። ወንበሩ ሲቆም ሁለት «ቀጭ» በአንድ ጊዜ መሰማት አለበት። አንዱ ዘግይቶ ከመጣ ሁለቱን መቆለፊያዎች የሚያገናኘው ሽቦ ረዝሟል ወይም አጥሯል፤ በፒንሳ አጥፎ ማስተካከል በቂ ነው። በአንድ በኩል ብቻ የተቆለፈ ወንበር ፍሬን ሲያዝ ይጠመዘዛል።

ቀበቶው

ወንበር ዝቅ ሲል ቀበቶው የሚተኛበት መስመር ይለወጣል። የወገቡ ክፍል የዳሌ አጥንትን መያዝ አለበት፣ ሆድን አይደለም። የትከሻው ማሰሪያ ከትከሻ በታች ከሆነ ደግሞ በግጭት ጊዜ ቀበቶው ሰውየውን ወደታች እየጫነ አከርካሪውን ይጨመድዳል። ሎጋ ሰው በድሮ መኪና ውስጥ ይህ ችግር ብዙ ጊዜ አለበት፤ ዝቅ ብሎ መቀመጥ እዚህም ይጠቅማል።

የማዝዳው ወይም የሌላ መኪና ወንበር የቀበቶ ማያያዣውን ከራሱ ጋር ይዞ ቢመጣ እዚያው ላይ መጠቀም ያምራል፤ አደጋው ግን ግልጽ ነው። 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው በግጭት በ20 ጂ (የመሬት ስበት 20 እጥፍ) ሲቆም ቀበቶው ላይ የሚመጣው ኃይል ከ1800 ኪሎ ክብደት ጋር እኩል ነው። ማያያዣው ወንበሩ ላይ ከሆነ የዚያ ኃይል ትልቁ ድርሻ በእርስዎ አራት ብሎኖችና በቀጭኑ የድሮ ወለል ላይ ያርፋል። ማያያዣውን የመኪናው ፋብሪካ ባዘጋጀው ነጥብ፣ በወለሉ ወይም በመሀል ጉብታው ላይ ይመልሱ። የቀበቶ ብሎን አብዛኛውን ጊዜ 7/16 ኢንች፣ በኢንች 20 ጥርስ ያለው ነው፤ በተራ ብሎን አይተካ። የመኪና ምርመራ ደንብ የወንበርና የቀበቶ ለውጥን የሚመለከት ከሆነ ብረት ከመቁረጥ በፊት ይጠይቁ።

ሮልባር (መኪናው ሲገለበጥ ራስን የሚከላከል የብረት ቅስት) ካለ በላይኛው ጫፉና በፊት መስታወቱ ክፈፍ ላይ ረጅም ቀጥ ያለ ዘንግ ያስተኙ። ራስዎ ከዘንጉ በታች ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ከዘንጉ በላይ የወጣ ራስ ካለ ሮልባሩ ለጌጥ ነው።

ከገጠሙ በኋላ

መደገፊያውን በተለመደው ቦታ አድርገው ይቀመጡ። ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻ ሲረግጡ ጉልበትዎ በትንሹ እንደታጠፈ ይቅር። እጅዎን ዘርግተው የእጅ አንጓዎን መሪው አናት ላይ ሲያሳርፉ ትከሻዎ ከመደገፊያው አይላቀቅ። መሪውን ከዳር እስከ ዳር ያዙሩ፣ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፣ ማርሽ ሁሉንም ያስገቡ፣ በሩን ከውስጥ ከፍተው ይውጡ። መውጣቱ ይረሳል። ዝቅ ባለ ወንበር ላይ የበሩ ደፍ ከፍ ይላል፣ የቅርፊት ወንበር ክንፍ ሲጨመርበት ደግሞ አንዳንዱ ሰው ለመውጣት መሪውን መንቀል ይኖርበታል።

ከመንዳት በፊት ወንበሩን በሁለት እጅ ይዘው ወደ አራቱም አቅጣጫ በኃይል ይነቅንቁ፤ ከሐዲዱ ጥቂት ልቅነት ቢሰማ ተፈጥሮው ነው፣ ወለሉ ሲነቃነቅ ካዩ ግን ደጋፊው ብረት አልበቃም። ከመጀመሪያዎቹ 200 ኪሎ ሜትር በኋላ ብሎኖቹን እንደገና ይፈትሹ፤ ቀለሙና ማሸጊያው ሲጨመቅ በጥቂቱ ይላላሉ። ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላም ምንጣፉን ገልጠው በእያንዳንዱ ብሎን ሥር በጣት ይዳስሱ። እርጥብ ከሆነ ብሎኑን አውጥተው በማሸጊያ ይመልሱት።